የወፌ ከንፈር እና ያልነበረው እጢ

ሥራዋ ቬሎ መስፋት ነው። ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ ጫማ ቤትና በአንድ ፎቶ ቤት መሃል ይገኛል። ፊት ለፊት ባለው ክፍል ሙሽሮች ልክ የሚያዩበት ክብ መቆሚያ አለ፤ ዙሪያውን ሦስት ትልልቅ መስታወቶች ቆመዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የስፌት መኪናዎቹ፣ ካውያውና ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የጨርቅ ጥቅል። አብራት የምትሠራው ጥልፍ ሠሪዋ ናት፤ በዕድሜ የምትበልጣት፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ ለማንም ሰው መልስ የማታጣ ሴት።

በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ገና በእግሯ ልትቆም ስትንገዳገድ «ወፌ ቆመች!» እየተባለ ሲጨበጨብላት፣ ወፌ የሚለው እላይዋ ላይ ቀረ። ልጅ ሳለች ደስ ይላት ነበር። ከፍ ስትል ግን ታላቅ ወንድሟ አንድ ቀን ከጎን አየት አድርጎ፣ «እማዬ ስም ስታወጣ ታውቅበታለች እኮ! እስቲ እዩዋት፣ ከምንቃሯ በታች ቀጥታ አንገት ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ከጎኗ ሲቀመጥ እጇን አገጯ ላይ ማሳረፍ ለመደች። እውነትም ከጎን ስትታይ አገጭ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ከከንፈሯ በታች ያለው ፊቷ ቁልቁል ወደ ጉሮሮዋ ይንሸራተታል።

ሌላ ሥራ ቢኖራት ምናልባት ትረሳው ነበር። የሷ ሥራ ግን ሦስት መስታወት አለው። ሙሽራዋን መቆሚያው ላይ አቁማ፣ እስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ፣ ተንበርክካ የቀሚሱን ጠርዝ ስትይዝ መስታወቶቹ ሙሽራዋን ብቻ አያሳዩም። ቀና ባለች ቁጥር የራሷ ጎን ይጠብቃታል።

ነገሩን የጨረሰው ግን የጎረቤት ፎቶ አንሺው ነው። አንዲት ሙሽራ ልክ ስታይ መጥቶ አነሳና ፎቶውን አሳድጎ በመስኮቱ ላይ ሰቀለው። ሙሽራዋ ቆማ ትስቃለች፤ ከእግሯ ሥር ወፌ በጎኗ ተንበርክካ፣ አፏ እስፒል ሞልቶ።

«የእጅሽ ሥራ ያልፋል እንጂ ፎቶው አያልፍም፤ አያምርም?» አላት ፎቶ አንሺው በኩራት።

«ያምራል» አለች። በየጠዋቱ በሱ በኩል ነው የምታልፈው።

ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው። ገበያው አጠገብ ሁለት ሰው የማታስቆም ሱቅ አለችው፤ ቁልፍ ይቀርጻል፣ የተቆለፈበትን ይከፍታል። ዝምተኛና ደግ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገና በተጋቡ ሰሞን፣ ሊያሞግሳት ብሎ፣ «እኔ አንቺን እኮ በመልክ አይደለም ያገባሁሽ» አላት። እሱ ይህን ሲል ከልቡ ነው፤ ትልቅ ቃል የተናገረ መስሎት ነበር። እሷ ግን ዋጠችውና ሆዷ ውስጥ ቀረ።

አገጭ የሚሠራ ሐኪም እንዳለ ከደንበኛ የሰማች ዕለት፣ ለባሏ «ለመልኬ ብዬ ነው» ማለት አቃታት። እንዴት ትበለው? በመልክ አላገባሁሽም ያለን ሰው? ስለዚህ ሌላ ነገር አለችው።

«ጥርሴን ልታይ ሄጄ መንጋጋዬ ውስጥ እጢ አገኙ። ትንሽ ናት። ትውጣ ብለዋል።»

ትንሽ ያለችው እንዳይደነግጥ ነው። እሱ ግን እጁ ላይ የነበረውን ሞረድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ መልሶ አላነሳውም።

እውነቱን የምታውቀው ጥልፍ ሠሪዋ ብቻ ነበረች። «አንቺ፣ በጤና ቀልድ የለም፤ ሟርት ነው የምታወሪው» አለቻት።

«አንዴ ነው፤ ይሠራና ያልቃል» አለች ወፌ።

የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና አገጯ ላይ ሰው ሠራሽ ነገር ማስገባት ነበር። እብጠቱ ሲጎድል መስታወት ፊት ቆማ አለቀሰች፤ ከደስታ። ባሏም «ፊትሽ ተመለሰ፤ ለካ ያቺ እጢ ነበረች ያከሳችሽ» አላት። ደስታዋ ግን ዕድሜ አልነበረውም። የገባው ነገር ወደ ጎን ሸሸ፤ ከዚያም ሥሩ መመርቀዝ ጀመረ። ለሁለተኛ ጊዜ ተከፍቶ መውጣት ነበረበት።

ባሏ ሲጠይቃት አፏ ቀደማት። «እጢው ተመልሶ መጣ።»

በዚህ ጊዜ ነው አማቷ የገቡት። ልብሳቸውን በአንድ ሻንጣ ይዘው መጡ፤ ከሷ እጅ ላይ መጥረጊያ ቀሙ፤ ምግብ አድቅቀው በማንኪያ አጎረሷት። ጓዳ ገብተው እንደሚያለቅሱ ወፌ ትሰማለች። ሲወጡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ «ሽንኩርቱ ነው፣ ልጄ» ይሏታል። ያን ጊዜ ልትናገር ይገባት ነበር። ታውቀው ነበር። ግን አንድ ማንኪያ ከዋጡ በኋላ ሁለተኛውን እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል?

ሐኪሙ ደግሞ፣ «አይዞሽ፣ አሁን የራስሽን አጥንት ቆርጠን ወደፊት እንገፋዋለን፤ በብሎን ይታሰራል፤ የትም አይሄድም» አላት። የቀድሞው አገጯ አሁን በጠባሳ ተጨማዶ ከበፊቱ ብሶ ስለነበር እሺ አለች። ለቤተሰቡ፣ «የቀረ ሥር አለ አሉ» ተባለ። አማቷ ይህን ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ከሦስተኛው ቀዶ ጥገና በኋላ አገጭ አገኘች። ከንፈሯ ግን ወደቀ።

መጀመሪያ እብጠት ነው ተባለ። ይለምዳል ተባለ። እብጠቱ ሄደ፣ ከንፈሩ አልተነሣም። የታችኛው ከንፈሯ እንደተፈታ ጠርዝ ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ የታች ጥርሶቿ ከነድዳቸው ሁልጊዜ ይታያሉ። መዝጋት ስትፈልግ አገጯ ተኮማትሮ ድንጋይ የተወረወረበት ኩሬ ይመስላል እንጂ ከንፈሮቿ አይገናኙም። ግማሹ ደንዝዟል፤ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አታውቅም። ምራቋ ሲወርድ የምታውቀው ልብሷ ሲርስ ነው። በ፣ መ፣ ፈ የሚባሉት ፊደላት ከአፏ ጠፉ። ቬሎ ሰፊዋ «ቬሎ» ማለት አቃታት። ስልክ ሲደወልላት «ወፌ ነኝ» ስትል በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው «ማን?» ይላል፤ ደግማ ትሞክርና ትዘጋዋለች።

ጥልፍ ሠሪዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺን ነው።» ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ወደ ጥልፏ ተመለሰች። የሚደወሉትን ስልኮች ሁሉ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ አነሳች።

ወፌ በማስክ መሥራት ጀመረች። ሰው ሲጠይቃት ጉንፋን ይዞኛል ትላለች። እስፒል በከንፈር መያዝ ቀረ፤ ክንዷ ላይ በታሰረች ትራስ መሰካት ለመደች። እንዲህ እንዲህ እያለች ልትዘልቀው አስባ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ለመጨረሻ ልክ መጣች። ቬሎው ነጭ ሳቲን ነው፣ ውሃ እንኳ ሲነካው ምልክት የሚያስቀር ዓይነት። ክፍሉ ሞቋል፤ ማስኩ ረጥቦ ስለከበዳት ወፌ ለአፍታ ወደ አገጯ ዝቅ አደረገችው። ወገቡ ላይ ያለችውን እጥፋት ልታስተካክል ጎንበስ ስትል ጠብ አለ።

አንድ ጠብታ ነው። ሳቲኑ ላይ ሰፋ፤ ጠቆር አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናትየው።

«የመተኮሻው ውሃ ነው» አለች ወፌ። አፏ ግን «ውሃ ነው» የሚለውን እንጂ ሌላውን አላጠራውም።

ካውያው መጋረጃው ጀርባ ነው ያለው። እናትየው ጣራው ያፈሰሰ መስሏት ወደ ላይ አየች። ሙሽራዋ ግን ምንም አላየችም ማለት አይቻልም፤ ሦስት መስታወት ፊት ነው የቆመችው። ዓይናቸው መስታወት ውስጥ ተገናኘ። ልጅቷ ቀስ ብላ የቀሚሷን ወገብ በሁለት ጣቷ ይዛ ከሰውነቷ አራቀችው፣ ልክ የሌላ ሰው ልብስ እንደሆነ ሁሉ። ወፌ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መጋረጃው ጀርባ ገብታ ካውያው ሥር ተቀመጠችና ፊቷን በጨርቅ ቁራጭ ሸፈነች። ልኩን የጨረሰችው ጥልፍ ሠሪዋ ናት።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ጥልፍ ሠሪዋ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እዚህ ተደብቀሽ ልታረጂ ነው?»

ወፌ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«እንግዲያው ተነሺ። የተበላሸ መንጋጋና ከንፈር የምታስተካክል ዶክተር አለች ብለውኛል። ሴት ናት። ሰው አትሰድብም።»

ባሏ ስለ ዶክተሯ ሲሰማ «ብቻሽን አትሄጂም» አለ። ሱቁን ዘግቶ አብሯት ሄደ። ዶክተሯ አጠር ያለች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ከንፈሯን በጓንት ገልጣ አየች፤ ፈገግ ይበሉ፣ ይዝጉ፣ ይንፉ እያለች አስሞከረቻት፤ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቀለች።

«እዚህ አገጭ ላይ ከንፈርን ወደ ላይ ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ» አለች ጣቷን በራሷ አገጭ ላይ አድርጋ። «በተከፈተ ቁጥር ከአጥንቱ ይላቀቃል፤ ሲዘጋ ተመልሶ መታሰር አለበት። የርስዎ ደጋግሞ ተከፍቷል፤ የታሰረ ግን አይመስለኝም። ከውስጥ ደግሞ ጠባሳው ይጎትተዋል። ሊስተካከል ይችላል። ግን ልጠይቅዎት፣ መጀመሪያ ለምን ተከፈተ?»

ወፌ ባሏን አየች።

«እጢ ነበረባት» አለ እሱ። «ሦስቴ ተመላለሰባት፣ ዶክተር።»

ዶክተሯ ወደ ራጁ ዞረች፤ ደግሞ ወደ ወፌ። «እጢ?»

ወፌ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። በኋላ ስታስበው፣ ከሁሉም ውሸቶቿ ያቺን ንቅናቄ ነው የምትጠላት።

ዶክተሯ ራጁን አወረደች። «እንደዚያ ከሆነ ዝም ብዬ ልነካው አልችልም። ተመላላሽ እጢ ከሆነ መጀመሪያ ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። እስኪታወቅ ድረስ ከንፈሩ ይቆያል።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ባሏ እጇን ይዞ ነበር የሚሄደው፤ መንገድ ላይ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ቤቱ ሰው እንደሞተበት ሆነ። አማቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገራሉ። ባሏ ከእናቱ ልብስ መተኮስ ተማረ። ወፌ ይህን ሁሉ እያየች ትውላለች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፣ ራሷም እንደ በሽተኛ ዝግ ብላ ትራመዳለች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ምሳ ልታደርስለት ወደ ሱቁ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ቁልፍ የሚያስቀርጽ ደንበኛ አለ፤ የሆስፒታል ነርስ ነው፣ ከልብሱ ያስታውቃል። ባሏ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይጠይቀዋል።

«እጢ ሲመላለስ ... ማለቴ፣ ሰው እንዲህ ሆኖ ምን ያህል ይቆያል? እንዳትሠቃይ ምን ይደረጋል?»

ነርሱ «እንደ እጢው ነው፣ ወንድሜ» አለና ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ። ደጃፉ ላይ ወፌን ሲያይ ማን እንደሆነች የገባው ይመስል ዓይኑን ሰበረ።

ባሏ የመቅረጫ ማሽኑን አስነስቶ ነበር። ወፌ ገብታ የምሳ ዕቃውን አስቀመጠችና እጇን ዘርግታ ማሽኑን አጠፋችው። ማስኩን አወለቀች።

«እጢ የለም» አለች።

«ዶክተሯ ደወለች እንዴ?»

«እጢ አልነበረብኝም። መጀመሪያም።»

ከንፈሯ ግን «ነበረብኝም»ን በላው። እሱ ጆሮውን አቀረበ። «ምን?»

ምራቋ አገጯ ላይ ወረደ። በእጇ ጀርባ ጠረገችና ደገመችው፤ ቃል በቃል፣ እንደሚማር ልጅ። «እጢ የሚባል ነገር የለም። ለመልክ ነው ያሠራሁት።»

«ለልክ? የምን ልክ?»

«ለመ...» ከንፈሮቿን በሁለት ጣቷ ገጥማ ያዘችና፣ «ለመልክ» አለች። «አገጭ ፈልጌ።»

እሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ በቀስታ፣ «አትሞችም ማለት ነው?» አላት።

«አልሞትም።»

ተነሣ። ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሯን ሳማት፤ እንደ ገና ሳማት። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አይታወቅም። በሩን ከፍቶ በአጠገቡ ላለው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ «የለባትም! የለባትም እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሬዲዮ ጠጋኙ ሮጦ መጣና አቀፈው። «እንኳን ደስ አለህ! እንኳን ደስ አለሽ፣ እህቴ!» ከግራና ከቀኝ ያሉት ሻጮች ሁሉ ብቅ ብቅ አሉ። ወፌ ጥርሷ እንደተገለጠ፣ ምራቋን እየጠረገች፣ በሰዎቹ መሃል ቆመች። ቢመታት ይሻላት ነበር። አንድ በአንድ እጇን ጨበጧት።

ንዴቱ የመጣው በማግስቱ ነው። ቁርስ ላይ ዳቦውን ሳይቆርስ አስቀመጠው።

«አገጭ መፈለግሽ አይደለም» አለ። «ብትነግሪኝ እኔው እወስድሽ ነበር። ግን አንቺ አጠገቤ ተኝተሽ፣ እኔ ያላንቺ እንዴት እንደምኖር ሳስብ፣ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ተኛ። ሲወጣ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለእናቴ አንቺው ትነግሪያታለሽ። እኔ አላደርገውም።»

አማቷ የሰሟት ልብስ እያጣጠፉ ነው። ወፌ ቁጭ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቃሉ ሲጠፋባቸው «እህ?» ይላሉ፤ እሷም ትደግመዋለች። እያንዳንዱን ነውር ሁለት ሁለት ጊዜ ተናገረችው። ሲያልቅ አማቷ የያዙትን ሸሚዝ ጨርሰው አጠፉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እንባዬን መልሺልኝ» አሉ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አይ፣ ይቅርታሽን አልፈልግም። እንባዬን ነው። ለወንድሜ ሞት እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም።» ተነሥተው ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አወጡ። ደጁ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ስሚ። ሰፈሬ ላለው ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ምራቴ እጢ ይዟት ብዬ ስንቱን አስለቅሻለሁ። አሁን ምን ልበላቸው? ዝም በይ። በልጄ ይሁንብሽ፣ ዝም በይና ድኛለሁ በያቸው።»

ወፌ እሺ አለች። ምን መብት አላት?

ወደ ዶክተሯ ጥልፍ ሠሪዋን ይዛ ተመለሰች። ናሙናው አያስፈልግም ብላ ለምን እንደማያስፈልግ ተናገረች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ለመልክ ብለው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልፈርድም» አለች። «ግን ባይነግሩኝ ኖሮ ጤነኛ አጥንት እቦረቡር ነበር። ከእንግዲህ እኔ ዘንድ እውነት ብቻ።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

«ሌላም ልንገርዎት። ከንፈሩን አነሣዋለሁ እንጂ እንደ ድሮው አላደርገውም። የደነዘዘው ላይመለስ ይችላል። አገጩም ትንሽ ይቀየራል። አሁን የምንሠራው ለፎቶ ሳይሆን ለአፍዎ ነው፤ እንዲበሉበት፣ እንዲናገሩበት።»

በቀጠሮው ዕለት ባሏ አደረሳት። መንገዱን ሙሉ አልተናገረም፤ ሻንጣዋን ግን እሱ ያዘው። ስትገባ ኮሪደሩ ላይ ካለ ወንበር ላይ ተቀመጠና ስትወጣ እዚያው ነበር። ዶክተሯ በወፌ አፍ ውስጥ በኩል የሚጎትተውን ጠባሳ ፈታች፤ ላጠረው የከንፈር ውስጠኛ ቆዳ ከጉንጯ ውስጥ ቁራጭ አምጥታ ጨመረች፤ የተላቀቀውን ጡንቻ ወደ ላይ ስባ አጥንቱ ላይ በተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል በጠንካራ ክር አሰረችው። ወፌ ይህን ስትሰማ ነገሩ ገባት፤ በሷ ቋንቋ ሲነገር ጨርቅ ጨምሮ ጠርዝ ማንሣት ነው።

አገጯ በፋሻ ተጠፍንጎ ሰነበተ። ፋሻው ሲፈታ ከንፈሯ አብጦ፣ ጠንክሮ፣ ግን ቦታው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ልምምድ ታዘዘላት፤ መስታወት ፊት ቁጭ ብላ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፤ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ። ብቻዋን ስትሠራ ታፍራለች፤ የሚሰማት ሰው እንዳለ ስታውቅ ደግሞ ይብስባታል። አንድ ቀን ባሏ ከሳሎን መጥቶ ፊት ለፊቷ ወንበር ሳበ።

«በይ» አላት።

«ቡ።»

«አልተሰማም። ድገሚ።»

«ቡ!»

«እሱ ሁ ነው። ከንፈር ግጠሚ።»

ይህን ጊዜ ሳይስቁ አልቀሩም፤ ሁለቱም ባንድ ላይ፣ ሳይተያዩ። ቀጥሎም በየቀኑ እየመጣ ይቀመጥ ጀመር። ወደ መኝታ ቤት መቼ እንደተመለሰ ሁለቱም አላነሡትም።

ጠቅላላ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን አማቷ አንድ ቀን ደውለው፣ «ሰፈርተኛው ሊያይሽ ይፈልጋል፤ እንኳን ማረሽ ሊልሽ። መጥተሽ ብቻ ቁጭ በይ» አሏት።

ሄደች። ሳሎኑ በሴት ሞልቷል። ጉንጯን እየሳሙ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ ልጄ!» ይሏታል። «ሦስቴ ተመልሶባት እንኳ! ጠንካራ ልጅ!» እያንዳንዱ ምርቃት እንደ እሾህ ይወጋታል። አማቷ ከማዶ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከሷ ላይ አያነሡም። ወፌ «አሜን» ትላለች። አሁን በደንብ ትላለች፤ መ ተመልሳላታለች።

ከሁሉም መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ሴትዮ አጠገቧ ተጠግታ ተቀመጠች። እጆቿ የምድጃ ጠባሳ ሞልቷቸዋል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ላንቺ ጉዳይ አለኝ» አለቻት። «ወንድሜ መንጋጋው ላይ እጢ ወጥቶበታል። የእውነቱን ነው የሚሉት፣ ክፉው። አላስቆርጥም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ከተቆረጠ የዳነ ሰው አላየሁም ይላል። አንቺን ካየ ግን ... አንቺ ሦስቴ ተቆርጠሽ ይኸው እያወራሽ ነው። መጀመሪያ ያወጣልሽ ሐኪም የቱ ነው? እሱ ዘንድ ልውሰደው።»

ወፌ የመጀመሪያውን ሐኪም አሰበችው፤ ግድግዳውን ሞልተው የተሰቀሉትን የቆንጆ ፊቶች ፎቶዎች አሰበች። እጢ ያለበት ሰው እዚያ ሄዶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ታያት። ወደ አማቷ ተመለከተች። አማቷ ከማዶ ሆነውም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ራሳቸውን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«እኔ እጢ አልነበረብኝም» አለች ወፌ።

በሹክሹክታ ልትናገረው ነበር ያሰበችው። ግን ብዙ ልምምድ የሠራ አፍ ነውና ድምፁ ጠርቶ ወጣ። ወሬ የያዙት ሁሉ ዘወር አሉ።

«እንዴት?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«አገጬን ለማሳመር ነው የተቆረጥኩት። ከንፈሬን ያበላሸው እሱ ነው። ለባሌም ለአማቴም እጢ ነው ብዬ ዋሸሁ። እሳቸው የሚያውቁት የነገርኳቸውን ነው።» ፊቷ ደም መሰለ። «ያ ሐኪም እጢ አያውቅም። ወንድምሽን እሱ ዘንድ እንዳትወስጂው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ተነሣች። ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ያ አስተያየት ሙሽራዋ ቀሚሷን ያራቀችበት ዓይነት ነበር። «ሰው ለመኖር ይለምናል» አለች፣ «አንቺ ደግሞ ...» አልጨረሰችውም። ወጣች። ሌሎቹም ሥራ አለብን እያሉ ተከታተሉ። አማቷ ባዶ ኩባያዎችን ሰብስበው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ወፌ ልታግዝ ብትነሣ፣ «ተይው» አሏት። እሷም ሻርፗን ለብሳ ወጣች።

መንገድ ላይ ሳለች ከኋላዋ ተጠራች። ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች፣ ያለ ሻርፕ፣ ተጣድፋ።

«የመጨረሻዋ ዶክተርስ? ከንፈርሽን የመለሰችው። መንጋጋ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። እጢ የሚያውቁትንም ታውቃለች። እኔው እወስደዋለሁ።»

ወሰደችው። ወንድምየው ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ጉንጩ በአንድ በኩል አብጧል። ወረፋ ሲጠብቁ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እህቱ ሁሉንም ነግራው ስለነበር፣ «አንቺ ነሽ ወደሽ የተቆረጥሽው?» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«ያምማል?»

«ያምማል። ግን ያልፋል።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠየቃትም። እሷ ግን በሱ አጠገብ ስትቀመጥ የተሰማትን እፍረት ያህል በሕይወቷ አልተሰማትም፤ ጤነኛ አጥንቷን በገዛ ፈቃዷ ያስቆረጠች ሰው፣ አጥንቱ ከታመመበት ሰው ጋር በአንድ አግዳሚ። ዶክተሯ አይታው ለእጢ ሐኪሞች አስተላለፈችው። ከመንጋጋው ከፊሉ ወጣ። እስካሁን አለ፤ ምግቡ ፈሳሽ ነው፣ ይሳደባል፣ በየጊዜው ለምርመራ ይሄዳል።

ወፌም አለች። ከንፈሯ ይዘጋል፤ በግራ ጥጉ በኩል ስትደክም ዝቅ ይላል፤ የደነዘዘው ቦታ አልተመለሰም፤ ትኩስ ነገር ስትጠጣ በላይኛው ከንፈሯ ለክታ ነው። ማስኩን አውልቃለች። ደንበኛ ስለ ጠባሳዋ ሲጠይቃት፣ «ራሴ ያመጣሁት ነው» ትልና ቶሎ ወደ ልኩ ትመለሳለች። ሰው ሁሉን መናገር የለበትም ትላለች፤ መዋሸት ግን አቁማለች።

አማቷ ለረጅም ጊዜ ደጇን አልረገጡም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የእህታቸው ልጅ ልታገባ ሆነ፤ ልጅቷን እየመሩ ሱቁ ድረስ መጡ። ወፌ ደንግጣ ከመቀመጫዋ ተነሣች። አማቷ ወንበር ሳይጠብቁ ተቀመጡና በያዙት በትር ወደሷ ጠቆሙ።

«ይቺ ናት ምራቴ» አሏት ሙሽራዪቱን። «ውሸታም ናት። ስፌቷ ግን አይገኝም።»

ጥልፍ ሠሪዋ ከመጋረጃው ጀርባ በሳቅ ፈነዳች። ወፌ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። «እውነታቸውን ነው» አለች፤ ሜትሯንም ከአንገቷ ላይ አውርዳ የልጅቷን ትከሻ መለካት ጀመረች።